የአንድ በሽተኛ ውጤትና የ65 ዓመት ፍርሃት

(የቻርለስ ሃጊንስ የምርምር ሕይወት፣ የወንዶች ሆርሞንና ያወረሰን ትምህርት)

የበዓል ሰሞን ገበያ የወጣ ሰው ሙክትን ከወጠጤ ለመለየት የእንስሳት ሐኪም መሆን አያስፈልገውም። ወገቡን ጨበጥ፣ ደረቱን ዳሰስ አድርጎ ዋጋ ይጠይቃል። ወጠጤው ቀኑን ሙሉ ሲዋጋና ሴት ሲያሳድድ ስለሚውል የበላው አይታይበትም። ሙክቱ ግን በጊዜው ተኮላሽቷል፤ ረጋ ብሎ ይበላል፣ የበላውም ወደ ስብ ይሄድለታል። በኮርማና በሰንጋ መካከል ያለው ልዩነትም ይኸው ነው። የእኛ ገበሬ ሁለት ትንንሽ ፍሬዎች ሥራቸውን ሲያቆሙ የእንስሳው ጠባይም፣ ጡንቻም፣ ስብም አብሮ እንደሚለወጥ የሚያውቀው ላቦራቶሪ ገብቶ አይደለም።

የሕክምናው ዓለም ይህንኑ ነገር በሰው ልጅ ላይ ለመረዳት ረጅም መንገድ ሄዷል። በዚያ መንገድ ላይ የኖቤል ሽልማት አለ። ከሞት አፋፍ የተመለሱ ሕሙማን አሉ። ሳይታሰብ የመጣ የልብና የስኳር በሽታም አለ። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ በአንድ ሰው የደም ምርመራ ላይ ቆሞ 65 ዓመት የዘለቀ ፍርሃት መኖሩ ነው። የዚህ ሁሉ ማዕከል ቻርለስ ብሬንተን ሃጊንስ የሚባል ካናዳዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

▪️ ከአውራ ዶሮ እስከ ቺካጎ ቄራ

ሃጊንስ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን በአጭሩ እንይ።

በ1849 በጀርመን ጎቲንገን ከተማ አርኖልድ በርትሆልድ የተባለ ተመራማሪ ጥቂት ወጣት አውራ ዶሮዎችን አኮላሸ። የተኮላሹት ዶሮዎች መጮህና መዋጋት አቆሙ፤ በአናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋም ሳያድግ ቀረ። ቀጥሎ የወጣውን ፍሬ መልሶ በአንዳንዶቹ ሆድ ውስጥ ተከለው። እነዚያ ደግሞ እንደ ማንኛውም አውራ ዶሮ ጮኹ፣ ተዋጉ። ፍሬው ከቀድሞ ነርቮቹ ተቆርጧል፤ ቦታውንም ቀይሯል። ስለዚህ ሥራውን የሚሠራው በነርቭ ሳይሆን ወደ ደም በሚለቀው አንዳች ነገር መሆን አለበት። ሆርሞን የሚለው ቃል ገና ባልተፈጠረበት ዘመን ሐሳቡ ተወለደ፤ ለብዙ ዓመታት ግን ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም።

ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1889፣ ፓሪስ ውስጥ ሌላ ነገር ሆነ። ሻርል ኤድዋር ብራውን ሴካር በነርቭ ምርምሩ የተከበረ ሳይንቲስት ነበር። በ72 ዓመቱ ከውሻና ከጊኒ ፒግ የዘር ፍሬ የተጨመቀ ፈሳሽ ራሱን ወጋና ጉልበቱ እንደታደሰ በሳይንቲስቶች ጉባኤ ፊት ተናገረ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ፤ የወጣትነት መርፌ ነጋዴዎችም ወዲያው ፈሉ። ዛሬ እንደምናውቀው እሱ በተጠቀመበት መንገድ የሚጨመቅ ፈሳሽ ውስጥ ሆርሞኑ የለም ማለት ይቻላል። ሽማግሌውን ያበረታው መድኃኒቱ ሳይሆን ተስፋው ነበር። የብራውን ሴካር ታሪክ ኋላ ላይ ተመልሶ ስለሚመጣ አንባቢ በአእምሮው ያቆየው።

ትክክለኛው ግኝት ከቄራ መጣ። በ1920ዎቹ ቺካጎ የአሜሪካ የሥጋ ዋና ከተማ ነበረች። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ፍሬድ ኮክና የሕክምና ተማሪው ሌሙኤል ማጊ 18 ኪሎ ያህል የበሬ ዘር ፍሬ ከቄራ አስመጥተው በኬሚካል አጣሩት። በ1927 ይፋ ባደረጉት ሥራ ከዚያ ሁሉ ያገኙት 20 ሚሊግራም ብቻ ነበር። ያቺ ቅንጣት ግን የተኮላሸን አውራ ዶሮ መልሳ አውራ አደረገችው። በ1935 በአምስተርዳም የኤርንስት ላኩየር ቡድን ንጥረ ነገሩን ነጥሎ አወጣና ቴስቶስትሮን ብሎ ሰየመው። በዚያው ዓመት አዶልፍ ቡተናንትና ሊዮፖልድ ሩዚካ በየፊናቸው በላቦራቶሪ ሠሩት፤ ለዚህና ለተያያዙ ሥራዎቻቸውም የ1939ን የኬሚስትሪ ኖቤል ተጋሩ። ቡተናንትን ግን የናዚ መንግሥት ሽልማቱን እንዳይቀበል አስገደደው።

ኮክና ማጊ ውጤታቸውን ባወጡበት በዚያው 1927፣ ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ አንድ የ26 ዓመት ወጣት ሐኪም ተቀጥሮ መጣ።

▪️ ሳይፈልግ የሽንት ቧንቧ ሐኪም የሆነው ሰው

ሃጊንስ በ1901 በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ፣ ሃሊፋክስ ከተማ ተወለደ። አባቱ ፋርማሲስት ነበር። በ19 ዓመቱ ከአካዲያ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1924 ደግሞ ከሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቀ። ሚቺጋን ላይ ቀዶ ሕክምና ተለማምዶ ወደ ቺካጎ ሲሄድ የዩኒቨርሲቲው አዲሱ የሕክምና ትምህርት ቤት ገና ከመጀመሪያዎቹ መምህራኑ ጋር እየተቋቋመ ነበር። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ኃላፊ የሽንትና የወንዶች አካል ሕክምናውን እንዲይዝ መደበው። ሃጊንስ በዚህ ሙያ የተለየ ሥልጠና አልነበረውም። መጽሐፍ ገልጦ ራሱን አስተማረ።

በዘመኑ ሁለት ዓይነት የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ነበሩ ማለት ይቻላል። አንደኛው ቢላውን ይዞ የተበላሸውን ቆርጦ የሚጥል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይህ አካል ለምን ተበላሸ ብሎ የሚጠይቅ ነው። ሃጊንስ ከሁለተኛዎቹ ወገን ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ወደ አውሮፓ ሄዶ እንደ ኦቶ ዋርበርግ ያሉ የባዮኬሚስትሪ ሊቃውንት እንዴት እንደሚሠሩ አየ። ከዚያ የያዘው ልማድ ዕድሜ ልኩን አልተለየውም፤ ላቦራቶሪው ትንሽ ነበር፣ ረዳቶቹ ጥቂት ነበሩ፣ ሙከራውን የሚሠራው በገዛ እጁ ነበር። በላቦራቶሪው ግድግዳ ላይም «ሥራችን ግኝት ነው» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሎ እንደነበር ይነገራል።

የመረጠው አካል ፕሮስቴት ነው። ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር የሽንት ቧንቧውን ከቦ የሚገኝ፣ ለዘር ፈሳሽ ድርሻውን የሚያዋጣ ትንሽ ዕጢ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ያብጥና ሽንት ይከለክላል፤ አንዳንዴም ካንሰር ይሆናል። በዘመኑ ካንሰሩ ወደ አጥንት ከተዛመተ በኋላ ለታካሚው የሚደረግለት ነገር ማስታገሻና ጸሎት ብቻ ነበር።

ሃጊንስ ከውሾች ጀመረ። ውሻ ከሰው ቀጥሎ ፕሮስቴቱ በእርጅና ከሚያብጥባቸው ጥቂት እንስሳት አንዱ ነው። የውሻውን ፕሮስቴት ከፊኛው በቀዶ ሕክምና ለይቶ ዕጢው የሚያመነጨውን ፈሳሽ ብቻውን የሚያጠራቅምበት ዘዴ አበጀ። ከዚህ በኋላ ነገሩ እንደ ሂሳብ ግልጽ ሆነ። ውሻው ሲኮላሽ ፈሳሹ ይቆማል። ቴስቶስትሮን ሲወጋ ፈሳሹ ይመለሳል። ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ሲሰጠው እንደገና ይደርቃል።

ከውሾቹ መካከል አንዳንዶቹ አርጅተው ፕሮስቴታቸው አብጦ ነበር። ይህ መጀመሪያ ላይ ሙከራውን የሚያበላሽ ራስ ምታት መስሎ ነበር። ሃጊንስ ግን እነዚህን ውሾች ከሙከራው ከማስወጣት ይልቅ የተለየ ጥያቄ ጠየቀ፦ ያበጠውስ ለሆርሞን ይታዘዛል? አኮላሻቸው። እባጩ ሟሸሸ።

▪️ 1941

ከውሻ እባጭ ወደ ሰው ካንሰር መሸጋገር ቀላል አልነበረም። በጊዜው የነበረው እምነት ካንሰር ከሰውነት ሥርዓት ያመፀ፣ ለማንም የማይታዘዝ ነው የሚል ነው። ያመፀ ሴል ለሆርሞን ይታዘዛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም።

ሌላው ችግር መለኪያ ነበር። በአጥንት ውስጥ ያለ ካንሰር መጨመሩ ወይም መቀነሱ በምን ይታወቃል? እዚህ ላይ የሌሎች ሰዎች ሥራ ደረሰለት። በ1938 በኒው ዮርክ አሌክሳንደርና ኢትል ጉትማን የፕሮስቴት ካንሰር ወደ አጥንት በተዛመተባቸው ወንዶች ደም ውስጥ አሲድ ፎስፋቴዝ የተባለ ኢንዛይም ከፍ እንደሚል አሳይተው ነበር። ሃጊንስ ይህን ኢንዛይም እንደ መለኪያ ያዘው።

በ1941 ከወጣቱ ባልደረባው ክላረንስ ሆጅስ ጋር ያወጡት ጽሑፍ ውጤቱ ይህ ነው፤ ካንሰሩ የተዛመተባቸው ወንዶች የዘር ፍሬያቸው በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ወይም ኤስትሮጅን ሲሰጣቸው በደማቸው ያለው ኢንዛይም ወረደ። በዚያው ዓመት በ21 ሕሙማን ላይ የታየውን ውጤት አስከተሉ። በአጥንት ሕመም ከአልጋ መነሳት ያልቻሉ ሰዎች በቀናት ውስጥ ሕመማቸው ረገበ፤ የምግብ ፍላጎታቸው ተመለሰ፤ ተነስተው ሄዱ። አብዛኞቹን በሽታው ቆይቶ መልሶ ቢያገኛቸውም ጥቂቶቹ ከአሥር ዓመት በላይ ኖረዋል።

የዚህን ክብደት ለመረዳት ዓመቱን ማየት ይበቃል። በ1941 የካንሰር ኬሞቴራፒ የሚባል ነገር ገና አልነበረም። በመላ ሰውነት የተዛመተን ካንሰር የሰውነትን ኬሚስትሪ በመለወጥ ማፈግፈግ እንደሚቻል በግልጽ ያሳየው ይህ ሥራ ነው። ካንሰር ሁሌም አመፀኛ አይደለም፤ አንዳንዱ አሁንም ከቀድሞ ጌታው ቀለብ ይጠብቃል።

ኤስትሮጅን የተባለውም ቢሆን ውድ አልነበረም። በ1938 እንግሊዛዊው ቻርልስ ዶድስ ስቲልቤስትሮል የተባለውን በአፍ የሚዋጥ ሰው ሠራሽ ኤስትሮጅን ሠርቶ ነበር፤ የባለቤትነት መብትም አልተያዘበትም። ቀዶ ሕክምናውን የፈራ ሰው ክኒን መዋጥ ይችል ነበር።

ሃጊንስ በዚህ አልቆመም። ካንሰሩ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ለምን ይመለሳል ብሎ ጠየቀ። ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎችም ጥቂት የወንድ ሆርሞን ስለሚያመነጩ በ1945 እነሱንም ለማውጣት ሞከረ። በጊዜው ኮርቲሶን በመድኃኒትነት ስላልነበረ ያለ አድሬናል መኖር አይቻልም ነበርና አልተሳካም። ኮርቲሶን ሲገኝ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተመለሰበት፤ በጡት ካንሰር ለሚሰቃዩ ሴቶችም አዋለው። በ1951 ቤን ሜይ በተባለ የአላባማ የእንጨት ነጋዴ ስም የተሰየመው የካንሰር ምርምር ላቦራቶሪ ቺካጎ ውስጥ ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር እሱ ሆነ። በዚያ ቤት ውስጥ ኤልውድ ጄንሰን የኤስትሮጅንን መቀበያ በሴል ውስጥ አገኘ፤ ዛሬ የጡት ካንሰር ታማሚ ሁሉ የሚመረመረው ያ መቀበያ አለ ወይስ የለም ተብሎ ነው።

በ1966 ሃጊንስ በ65 ዓመቱ የሕክምና ኖቤልን ተሸለመ። አብሮት የተሸለመው ፔይተን ራውስ በዶሮ ላይ ካንሰር የሚያመጣ ቫይረስ ያገኘው በ1911 ነበር፤ 55 ዓመት ጠብቆ በ87 ዓመቱ ደረሰለት። ሃጊንስ በጥር 1997 በ95 ዓመቱ አረፈ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ የምስጋና ጽሑፍ ይወጣው ነበር። ግን ትልቅ ግኝት ሁለት ጥላ ይጥላል፤ የሃጊንስም ጥሏል።

▪️ የመጀመሪያው ጥላ፦ ሙክት የሆነው ታካሚ

ለ20 ዓመታት ያህል ስቲልቤስትሮል በስፋት ተሰጠ። ካንሰሩን ስለሚያፈገፍግ ዕድሜ ያራዝማል ተብሎ ይታመን ነበር። በ1960ዎቹ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች በጋራ አንድ ጥያቄ ለመመለስ ተነሱ፦ እነዚህ ሰዎች በእርግጥ ረጅም ይኖራሉ? በ1967 የወጣው ውጤት አስደንጋጭ ነበር። በቀን 5 ሚሊግራም የወሰዱት ወንዶች ከካንሰሩ ያተረፉትን በልብና በደም ሥር በሽታ ከሰሩት።

ቀጥሎ የመጣው መድኃኒት የተሻለ መሰለ። አንድሩ ሻሊና ሮጀር ጊለሚን አንጎል የዘር ፍሬን የሚያዝበትን ሆርሞን ለይተው በ1977 ኖቤል ተሸለሙ። ከዚያ ሥራ የተወለዱት መርፌዎች በ1980ዎቹ አጋማሽ ገበያ ገቡ። ቢላ የለም፤ ኤስትሮጅን የለም፤ በየወሩ ወይም በየጥቂት ወሩ አንድ መርፌ ብቻ። ቴስቶስትሮን ግን እንደተኮላሸ ሰው ይወርዳል።

እዚህ ላይ ሙክቱን እናስታውስ። ገበሬው ሲያኮላሽ የሚፈልገው ስብን ነው። በመርፌ ሆርሞኑ የተነሳው ሰውስ? በ2002 በወጣ ጥናት ሕክምናው በ48 ሳምንት ውስጥ የወንዶቹን ስብ በአማካይ በ9.4 በመቶ ጨምሮ የጡንቻቸውን ክብደት በ2.7 በመቶ ቀነሰ። ስብ ሲጨምርና ጡንቻ ሲቀንስ ኢንሱሊን ይሰንፋል። በ2006 ከ73,000 በላይ አረጋውያን ላይ የተደረገ የአሜሪካ ጥናት መርፌውን የወሰዱት ለስኳር በሽታ ያላቸው ዕድል ካልወሰዱት በ44 በመቶ ከፍ ማለቱን አሳየ፤ የልብ ሕመሙም ጨምሯል። በ2010 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ የስኳርና የልብ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዘዘ።

ከ1941 እስከ 2010 ያለው 69 ዓመት ነው። ገበሬ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ለማስፈር 69 ዓመት ፈጀ። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ሐኪሙ የሚያየው ካንሰሩን ነበር፤ የሚለካውም የካንሰሩን ኢንዛይም። ያልለካኸው ነገር አይታይህም። የወገቡን ልክ፣ የስኳሩን መጠን፣ የአጥንቱን ጥንካሬ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ይህ ማለት ሕክምናው ስህተት ነው ማለት አይደለም፤ በብዙ ሕሙማን ላይ ዛሬም ሕይወት አድን ነው። ግን ሆርሞን አንድን ዕጢ ብቻ የሚያዝ አለቃ አይደለም፤ ጡንቻውም፣ አጥንቱም፣ ስቡም፣ ልቡም ይሰሙታል።

▪️ ሁለተኛው ጥላ፦ አንድ ሰው

በ1941ዱ ጽሑፍ ውስጥ ሃጊንስና ሆጅስ ሌላ ዓረፍተ ነገርም አስፍረው ነበር። ቴስቶስትሮን ሲወጋ ካንሰሩን ይቀሰቅሰዋል የሚል። ይህ ዓረፍተ ነገር ከጽሑፉ ወጥቶ መማሪያ መጽሐፍ ገባ፤ ከመማሪያ መጽሐፍ ወጥቶ በየሐኪሙ አእምሮ ገባ። ሆርሞኑ በበሽታ የጎደለበት ሰው እንኳ እንዳይታከም አደረገ። «ቴስቶስትሮን ለካንሰር እንደ ለእሳት ቤንዚን ነው» የሚለው አነጋገር በሐኪሞች ዘንድ የተለመደ ሆነ።

በሃርቫርድ ያስተምር የነበረው የወንዶች ሐኪም አብርሃም ሞርገንታለር በዚህ ላይ ጥርጣሬ ያደረበት በሥራው ላይ ባየው ነገር ነው። ቴስቶስትሮን የካንሰሩ ምግብ ከሆነ ሆርሞናቸው ዝቅ ያለ ወንዶች ከካንሰሩ ሊጠበቁ ይገባ ነበር። በ1996 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጥናት ሆርሞናቸው ዝቅ ያለና የካንሰር ምልክት ያልታየባቸውን 77 ወንዶች የፕሮስቴት ናሙና መርምሮ በ14 በመቶው ላይ ካንሰር አገኘ። አልተጠበቁም።

ከዚያ ወደ ምንጩ ሄደ። ሁሉም የሚጠቅሰውን የ1941ዱን ጽሑፍ ከቤተ መጻሕፍት አውጥቶ መስመር በመስመር አነበበ። በዚያ ጽሑፍ ቴስቶስትሮን የተወጉት ሦስት ሰዎች ናቸው። ውጤታቸው የተገለጸው የሁለቱ ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ ተኮላሽቷል። ያልተኮላሸ ሆኖ ውጤቱ የቀረበለት አንድ ሰው ቀረ። የእሱም ኢንዛይም አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ የሚል፣ አንድ ነገር ለማለት የሚያስቸግር ነበር። ሞርገንታለር ይህን በ2006 አሳተመ። ከ1941 ስትቆጥሩ 65 ዓመት።

ታዲያ ሃጊንስ ተሳስቶ ነበር? በዋናው ነገር አልተሳሳተም። ሆርሞኑን ማውረድ ካንሰሩን ያፈገፍጋል፤ ይህ እስከ ዛሬ እውነት ነው። ስህተቱ የተገላቢጦሹን እንደ ራሱ ማስረጃ መቁጠር ነው። ሲቀንስ የሚጠቅም ነገር ሲጨመር በዚያው ልክ ይጎዳል ማለት አይደለም። ሞርገንታለርና ባልደረባው ያቀረቡት ማብራሪያ ቀላል ነው፤ የፕሮስቴት ሴል ሆርሞን የሚቀበልበት ቦታ ውስን ነው። ያ ቦታ በትንሽ ቴስቶስትሮን ይሞላል። ከሞላ በኋላ የሚጨመረው የሚገባበት የለውም። የደረቀ ማሳ ውኃ ሲያገኝ ይለመልማል፤ የጠገበ ማሳ ላይ ውኃ ብትጨምር እህሉ በእጥፍ አያድግም። ስለዚህ የተኮላሸ ሰው ቴስቶስትሮን ሲወጋ ካንሰሩ ሊቀሰቀስ ይችላል፤ ያልተኮላሸው ላይ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። በ2008 ዓ.ም. 18 ጥናቶችን አንድ ላይ ያደረገና 3,886 የካንሰር ሕሙማንን ከ6,438 ጤነኞች ጋር ያነጻጸረ ሥራ በደም ውስጥ ባለ የቴስቶስትሮን መጠንና በፕሮስቴት ካንሰር ስጋት መካከል ግንኙነት አላገኘም።

በመካከል የጠፋው ምንድን ነው? ምንጩን መልሶ ማንበብ። ጽሑፉ ተደብቆ አልነበረም፤ ዓለም የሚያከብረው፣ የኖቤል ማህተም ያለበት ሥራ ነው። ምናልባትም ያላነበቡት ለዚሁ ነው። የተከበረ ሰው ከተናገረ መጠየቅ ድፍረት ይመስላል። በእኛም ቤት «አባቶች እንዳሉት» የሚባል ነገር አለ፤ አባቶች በእርግጥ ብለውት እንደሆነ ገልጦ የሚያይ ግን ጥቂት ነው።

▪️ ፔንዱለሙ ወደ ሌላው ጫፍ

ፍርሃቱ ሲቀንስ በቦታው ጥንቃቄ አልመጣም፤ ንግድ መጣ። በ2000ዎቹ አሜሪካ ውስጥ «ደከመህ? ሰነፍክ? ቴስቶስትሮንህ ወርዶ ነው» የሚል ማስታወቂያ ተጥለቀለቀ። እርጅና በሽታ ተባለ። ብራውን ሴካር ከመቃብሩ ተነሳ ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ አሁን መርፌው ውስጥ በእርግጥ ሆርሞን መኖሩ ነው። በ2015 የአሜሪካው ባለሥልጣን መድኃኒቱ የተፈቀደው በታወቀ የጤና እክል ምክንያት ሆርሞናቸው ለጎደለባቸው እንጂ በእርጅና ብቻ ለወረደባቸው አለመሆኑን በማስጠንቀቂያ አሳወቀ።

በ2023 ትራቨርስ የተባለው ትልቅ ሙከራ ውጤቱን አወጣ። ሆርሞናቸው የወረደና የልብ ሕመም ያለባቸው ወይም ስጋቱ ያየለባቸው 5,246 ወንዶች ግማሾቹ ቴስቶስትሮን፣ ግማሾቹ ባዶ ቅባት ተሰጣቸው። ከባድ የልብና የአንጎል አደጋ በመጀመሪያዎቹ 7.0፣ በሁለተኞቹ 7.3 በመቶ ላይ ደረሰ፤ ማለትም የተፈራው አልሆነም። ግን የልብ ምት መዛባት፣ የሳንባ ደም ሥር መዘጋትና ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ሆርሞኑን በወሰዱት ላይ ጨመረ። አጥንት ያጠነክራል ተብሎ ሲጠበቅም ስብራት የበዛው በእነሱ ላይ ነው። መርዝም አይደለም፤ የወጣትነት ውኃም አይደለም። መድኃኒት ነው፤ ለሚያስፈልገው በልክ የሚሰጥ።

አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ይባል። ከውጭ የሚገባ ቴስቶስትሮን አንጎልን ያታልላል፤ አንጎል በቂ አለ ብሎ የዘር ፍሬውን ሥራ ያስቆማል። ስለዚህ ልጅ የሚፈልግ ወጣት ጡንቻ ለመገንባት ወይም ለ«ወንድነት» ብሎ የሚወስደው መርፌ የዘር ፍሬውን ምርት ሊያደርቅበት ይችላል። ስሙ ወንድነት ነው፤ ውጤቱ መካንነት። ደግሞም የሆድ ውፍረትና የስኳር በሽታ በራሳቸው ቴስቶስትሮንን ያወርዳሉ፤ የወረደ ቴስቶስትሮን ደግሞ ስብ ያከማቻል። በዚህ አዙሪት ውስጥ ለገባ ብዙ ሰው የመጀመሪያው መድኃኒት ወገቡን መቀነስ ነው። ይህን ግን በጠርሙስ አሽጎ የሚሸጥ የለምና ማስታወቂያ አይሠራለትም።

▪️ ይህ ለእኛ ምን ያደርጋል?

መርፌው በየጥቂት ወሩ በሚገዛበት ዋጋ ለመቀጠል አቅም በሌለበት አገር ሁሉ የሃጊንስ የ1941ዱ መንገድ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። አንድ ጊዜ የሚደረግ፣ ወጪው አነስተኛ፣ ውጤቱ ፈጣን። በሳይንስ ዓይን ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው። በአማርኛ ዓይን ግን ቀላል አይደለም።

ቋንቋችን በዚህ ጉዳይ ላይ የቆየ ቁስል አለው። ዛሬ በየዜናው «የአደጋው ሰለባ» የምንለው ቃል ሥሩ መስለብ ነው፤ የተሸነፈ ጠላት ብልት እንደ ግዳይ ከሚቆረጥበት ዘመን የመጣ። ስልብ መባል ስድብ ነው። አንድ የ70 ዓመት አባት ሽንት ሲያስቸግረው ለልጆቹ ለመናገር አፍሮ ሁለት ዓመት ዝም ይላል። ወገቡን ሲያመው ብርድ ነው ይላል። ሆስፒታል ሲደርስ ካንሰሩ አጥንት ገብቷል፤ ያኔ ሐኪሙ «ፍሬው ይወጣል» ሲለው የሚሰማው ሕክምና ሳይሆን ውርደት ነው። እምቢ ብሎ ወደ ቤቱ የሚመለስ አለ። ለእንዲህ ያለ አባት የሚያስፈልገው ከቢላ በፊት ቃል ነው። ይህ ቅጣት እንዳልሆነ፣ አባትነቱን እንደማይነካው፣ ሕመሙ በቀናት ሊረግብለት እንደሚችል፣ በሌላ በኩል ደግሞ ክብደቱ፣ ስኳሩና አጥንቱ ከዚያ በኋላ ክትትል እንደሚፈልጉ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሊነግረው ይገባል። ሁለቱንም። ጥቅሙን ብቻ የነገረው አታለለው፤ ጉዳቱን ብቻ የነገረው ገደለው።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ወጣቱ አለ። ስልኩን በከፈተ ቁጥር ስሙ የማይታወቅ ዱቄት፣ ክኒንና መርፌ «ወንድነትን ይመልሳል» እየተባለ ይቀርብለታል። አባቱ ስለ ሆርሞን መናገር አፍሮ ይሞታል፤ ልጁ ስለ ሆርሞን በሚነገረው ውሸት ገንዘቡንና ጤናውን ያጣል። የሁለቱም ምንጭ አንድ ነው፤ ወንድ ስለ ገዛ አካሉ በግልጽ የሚነጋገርበት ቦታ የለውም።

የሃጊንስ ሕይወት የሚያስተምረው እንግዲህ ሁለት ነገር ነው። ያረጁትን ውሾች ከሙከራው ቢያስወጣ ኖሮ 1941 አይኖርም ነበር፤ ያስቸገረውን ነገር ፊት ለፊት ማየቱ ሰው አዳነ። ከእሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ጽሑፉን ገልጠው ቢያነቡ ኖሮ 65 ዓመት ባልፈጀ ነበር። የሃጊንስን ስም ለ65 ዓመት አከበሩ፤ እንደ ሃጊንስ መጠየቅን ግን ተዉ። የሳይንቲስት ክብሩ ቃሉን በመድገም አይደለም። እሱ ውሾቹን እንዳየ አድርጎ ቃሉን መልሶ በማየት ነው።